ዓሣው ከነራሱ ይምጣ፦ ስለ ሰሜን ሸዋ የዓሣ ገበታ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን ግብርና መምሪያ፣
ለዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ፣
ለደብረ ብርሃን ከተማና ለወረዳዎቹ የንግድ ጽሕፈት ቤቶች፣
ለሆቴልና ምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ለወጥ ቤት ሠራተኞች፣ ለተመጋቢው ሕዝብ

ጉዳዩ፦ በምግብ ቤቶች የሚቀርበው ዓሣ ዝርያው፣ መነሻውና መጠኑ ታውቆ እንዲቀርብ ስለመጠየቅ

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከጫጫ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ዳር «የጾም ዓሣ አለ» የሚል ወረቀት የሚለጥፉ ቤቶች ይበዛሉ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለአባቶች እንተወዋለን። እኛን የሚያሳስበን ወረቀቱ የማይናገረው ነው። «ዓሣ» ይላል እንጂ ምን ዓሣ እንደሆነ፣ ከየትኛው ውኃ እንደወጣ፣ ሲወጣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደነበረ አይልም። አስተናጋጁ ቢጠየቅ አያውቅም። ወጥ ቤቱም አያውቅም፤ ዓሣው የደረሳቸው ተገፎ፣ ተቆራርጦ፣ በፌስታል ታስሮ ነውና።

በዓሣ ሀብት፣ በምግብ ንጽሕናና በወጥ ቤት ሙያ የተሰማራን ሰዎች የምንጠይቀው አጭር ነው። ዓሣ ወደ ሰሜን ሸዋ ወጥ ቤቶች ሲገባ ከነራሱና ከነቆዳው ይግባ፤ ገበታ ላይ ሲቀርብ ስሙና መነሻው ተነግሮ ይቅረብ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

ፊሌቶ፣ ማለትም ተገፎ ከአጥንቱ የተለየ የዓሣ ሥጋ፣ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቀን እናስረዳ። ሙሉ ዓሣ ራሱ ምስክር ነው። ርዝመቱ ለመውለድ ደርሶ እንደሆነ ይጠቁማል፤ ቅርፊቱና ክንፉ ዝርያውን ይናገራሉ፤ ዓይኑና ስንጥቡ (የሚተነፍስበት ክፍል) ከውኃ ከወጣ ምን ያህል እንደቆየ ያሳብቃሉ። ፊሌቶ ሲሆን ይህ ሁሉ ማስረጃ በቢላ ተወግዷል። የ15 ሴንቲ ሜትር ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሥጋና የ25 ሴንቲ ሜትር ቆሮሶ ሥጋ ተደባልቆ ከተጠበሰ በኋላ ማንም አይለየውም። ትንንሹን ዓሣ ሙሉውን ይዞ ገበያ ቢወጣ የሚወቀስ ነጋዴ፣ ፊሌቶ አድርጎ ሩቅ አገር ቢልከው የሚጠይቀው የለም። ሩቅ አገር የሚባለው ደግሞ እኛ ነን። ሳናውቀው ያልደረሰ ዓሣ መሸጫ ሆነናል።

ሒሳቡን በአንድ ወጥ ቤት ልክ እንየው። ቆሮሶ ሲገፈፍ ንጹሕ ሥጋው ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። በጾም ወራት በቀን 40 ሰሃን ፊሌቶ የሚያወጣ ቤት በሰሃን 200 ግራም ቢያደርግ 8 ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል፤ ይህም 24 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ነው። እያንዳንዱ ዓሣ 300 ግራም ቢመዝን 80 ዓሣ ይሆናል። 150 ግራም ቢሆን 160። ሰሃኑ ያው ነው፤ ዋጋው ያው ነው፤ ከሐይቁ የጎደለው ነፍስ ግን እጥፍ ነው። ትንንሾቹ አንድ ጊዜም ሳይወልዱ የተያዙ ስለሆኑ ጉዳቱ ከእጥፍም ይከፋል። ከ24ቱ ኪሎ ደግሞ 16ቱ፣ ማለትም ራሱ፣ አጥንቱና ቆዳው፣ ሐይቅ ዳር ተጥሎ ቀርቷል። ያንኑ 40 ሰው 300 ግራም በሚመዝን ሙሉ ጥብስ ብናስተናግደው የሚሄደው 40 ዓሣ፣ 12 ኪሎ ብቻ ነው።

ቆሮሶ እንቁላሉን በትኖ የሚሄድ ዓሣ አይደለም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው የሐይቁ ዳርቻ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቷ እንቁላሏን እዚያ ጥላ ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። እንቁላሉ የሚፈለፈለው፣ ጫጩቶቹም ራሳቸውን ችለው መዋኘት እስኪጀምሩ የሚቆዩት በዚሁ አፏ ውስጥ ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ። እስከዚያ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። መረብ ሲይዛት እየተንፈራገጠች አፏን ትከፍታለች፤ የያዘችውም ሁሉ ይበተናል። ዳር ዳሩን መረብ የሚጎትት አጥማጅ ጎጆውን፣ እናቲቱንና ጫጩቶቹን ባንድ ጉተታ ይጠርጋል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም መራባቱ የሚበረታባቸው ወራት አሉ፤ ከነዚያም ከፊሉ ገበያው ከሚሞቅበት ከጾሙ ወቅት ጋር ይገጥማል።

ያልደረሰን ዓሣ በወጥ ቤት በር ላይ ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 40 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጣውላ፣ በአንዱ ጫፉ ቀጥ ብሎ የተመታ ማስጠጊያ፣ በየሴንቲ ሜትሩ መስመር፣ 20 ላይ ቀይ ምልክት፤ በቃ። ዓሣው በጎኑ ይተኛል፣ አፉ ማስጠጊያውን ይነካል፣ ጅራቱ የደረሰበት ይነበባል። ከመጣው ሣጥን ሳይመርጡ 10 ዓሣ ማንሳት ይበቃል። ሁለቱ ከቀዩ በታች ከሆኑ ነጋዴው ይነገረው፤ አምስቱ ከሆኑ ሣጥኑ ይመለስ። 20 ሴንቲ ሜትር ለሁሉም ሐይቅ የተቆረጠ ልክ አይደለም። ቆሮሶ ለመራባት የሚደርስበት መጠን እንደየሐይቁ ይለያያል፤ ከመጠን በላይ በሚጠመድበት ውኃ ደግሞ ዓሣው ገና ትንሽ ሳለ መውለድ ይጀምራል። ለመነሻ ግን ይህ ልክ ያገለግላል።

የመረቡም ነገር ከዚሁ የሚለይ አይደለም። ዓይኑ ተወጥሮ ሲለካ ከ8 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ መረብ ያልደረሰውን ዓሣ ጭምር ይይዛል። ከሁሉ የከፋው እንደ ፀጉር የቀጠነው ባለ ነጠላ ክር ናይለን ነው። ውኃ ውስጥ አይታይም፤ ርካሽ ስለሆነ ሲቀደድ ከመጠገን ይልቅ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይጣላል፤ ስለማይበሰብስም ባለቤት ሳይኖረው ዓሣና የውኃ ወፍ ሲይዝ ይኖራል። ምግብ ቤት መረቡን ማየት አይችልም። ዓሣውን ግን ይለካል፤ የዓሣው መጠን የመረቡን ዓይን ይናገራል።

ስለ ስሙ ደግሞ። ወደ እኛ የሚመጣው በአብዛኛው ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ የሚባለው የናይል ፐርች፣ አልፎ አልፎም ቤዞና ካርፕ ነው። በሰሜን ሸዋ ቅርፊት የሌለውን ዓሣ በእምነቱ ምክንያት የማይቀምስ ብዙ ሰው አለ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ተገፎ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ተለብልቦ ሲቀርብ ግን ማን ያውቀዋል? ሰውን የማይበላውን ሳያውቅ ማብላት ነውር ነው፤ ይህንን ለማስቀረት የሚያስፈልገው የዓሣውን ስም በዋጋ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ብቻ ነው። እስከዚያው ለወጥ ቤት ሰው አንዳንድ መለያ እንስጥ። የአምባዛ ሥጋ ጠቆር፣ ቀላ ይላል፤ ቢጫ ስብም ይታይበታል። የቆሮሶ ፊሌቶ ነጣ ያለ ሆኖ በመሐሉ ቀይ መስመር አለው፤ ስስም ነው። ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ የወፈረ፣ ነጭ፣ ሲበስል በትልልቁ የሚፈረፈር ከሆነ ቆሮሶ ሳይሆን የናይል ፐርች ነው።

አምባዛን ለሚበላ ሰው ደግሞ፣ ሐይቅ ከማይጎዱት ምርጫዎች አንዱ ይኸው ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ እንቁላሉ ብዙ ነው፣ በሥጋው መሐል የተሰገሰገ ቀጫጭን አጥንት የለውም፣ ለጉላሽ ሲቆረጥም አይበታተንም። የሚሰለቸው ልሃጩ ነው። በደረቅ ጨው ደጋግሞ አሽቶ ማጠብ ይበቃዋል።

አሁን ወደ ውኃዎቹ እንሂድ። ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ዓሣ ዋና መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ከዝዋይ በአዲስ አበባ በኩል ወደ 290 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ይመጣል። ሌላው «ሐይቅ» ከሚባለው የወሎ ሐይቅ ተነሥቶ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በከሚሴና በሸዋ ሮቢት ወርዶ የጣርማ በርን ዳገት ይወጣል፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። የዝዋይ ቆሮሶ መጠኑ እያነሰ የመጣው ለዓመታት ከአቅሙ በላይ ስለተጠመደ ነው። ከዚያ የሚገዛ ሰው የመለኪያውን ጣውላ አጥብቆ ይያዝ። በወሎው ሐይቅ ቆሮሶ ከጥንት የነበረ አይደለም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በሰው እጅ የገባ ነው። ሐይቁ ትንሽ ነው፤ የደሴና የኮምቦልቻ ገበያ ከጎኑ አለ፤ የእኛም ሲጨመርበት አይችለውም። ስለዚህ አንድ ቤት ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ውኃ ብቻ ባይገዛ እንመርጣለን።

የጣና ቤዞ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በጣና ከሚገኙት የቤዞ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ከእነሱም ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይጎርፋሉ፤ የሚራቡት እዚያ ነው። አጥማጁ ይህን ያውቃል። መረቡን ወንዙ አፍ ላይ ከዘረጋ በአንድ ሌሊት እንቁላል ያዘለውን ሁሉ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1991–1993 እና በ1999–2001 የተሠሩ የናሙና ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ቤዞዎች በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰው ተገኝተዋል፤ ያውም በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ቤዞ ከዋጋ ዝርዝር ይውጣ። እንቁላል ያዘለ ቤዞ እንደ ብርቅ ምግብ የሚያቀርብ ቤት ካለ የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ እየሸጠ ነው።

የራሳችን ወንዞችም አሉ። በጀማና በወንጪት ቆላ ቤዞና አምባዛ ይጠመዳል። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ለአካባቢው ሰው ይብቃ እንጂ ለከተማ ምግብ ቤት መቅረብ ያለበት አይመስለንም። ከዚህ በላይ የሚያስፈራን ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ውስጥ ሲበተን ዓሣውን ያደነዝዘዋል፤ ትልቁ ይለቀማል፣ ጫጩቱና የዓሣው ቀለብ የሆነው ነፍሳት ሁሉ እዚያው ይሞታል፤ ያ የወንዝ ክፍል ለረጅም ጊዜ ባዶ ይቀራል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝም ሆነ በፈንጂ ማጥመድን አይፈቅድም። የግብርና ባለሙያዎች በቀበሌ ስብሰባ ይህን ጉዳይ ከበጋው መግቢያ በፊት፣ ወንዙ ሳይጎድል፣ ቢያነሱት ይጠቅማል፤ ብርብራ የሚነሣው ውኃው ሲቀንስ ነው።

ከውኃ ያወጡትን ዓሣ አበላሽቶ መጣል ሐይቁን ሁለት ጊዜ መበደል ስለሆነ ስለ በረዶ ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። ዓሣ በቆላ ሙቀት ያለ በረዶ ቢቆይ ከ12 ሰዓት በላይ አይታመንም። በሚገባ በበረዶ ውስጥ የተቀመጠ ቆሮሶ ግን ሁለት ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ «ትኩስ» የሚባለው በሰዓት ብቻ አይለካም። ከወሎ የሚመጣው መኪና የሚፈተነው ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው ሙቀት ነው። ደጋ ሲደርስ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ሾፌሩ ዓሣው የዳነ ይመስለዋል፤ ቆላው ላይ በረዶው ካለቀ ግን ጉዳቱ ያኔ ደርሷል፤ የጣርማ በር ብርድ መልሶ አያድነውም።

አጫጫኑ እንዲህ ይሁን። የዓሣው ሆድ ዕቃ ይወጣል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ሙቀት በማያስገባ ሣጥን ወለል ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ደቃቅ በረዶ ይነጠፋል፤ ዓሣው ሆዱ ወደ ታች ሆኖ ይደረደራል፤ እንደገና በረዶ፣ እንደገና ዓሣ፤ ላዩ በበረዶ ይዘጋል። ለ24 ኪሎ ዓሣ 24 ኪሎ በረዶ ማለት ነው። የሣጥኑ ግርጌ ቀዳዳ ይኑረው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ውኃው ፈስሶ እንዳያቆሽሽ ብለው ቀዳዳውን ይደፍኑታል፣ ዓሣው ደምና ባክቴሪያ ባጠራቀመ የቀለጠ ውኃ ውስጥ ሲዋኝ ያድራል። ትልልቅ የበረዶ ድንጋይ መጠቀምም ሌላው ስሕተት ነው፤ ሥጋውን ይጨፈልቃል፣ ዙሪያውን ስለማይነካውም አያቀዘቅዘውም። ሸዋ ሮቢት ላይ በረዶ የሚሞላበት አንድ ጣቢያ ቢኖር የዚህ መንገድ ዓሣ ሁሉ ሌላ ይሆን ነበር። ንግድ ጽሕፈት ቤቶቹን ከምንለምናቸው ነገሮች ዋናው ይህ ነው።

ደብረ ብርሃን ከደረሰ በኋላ ያለው ፈተና ማቀዝቀዣው ነው። የቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዣ ዓሣን ቀስ ብሎ ስለሚያበርደው በሥጋው ውስጥ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፤ ሲቀልጥ ሥጋው ውኃ ይለቃል፣ ይላሽቃል። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ እንደገና ሲበርድ ይብሳል። ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚሆን ዓሣ ባይበርድ ይሻላል፤ በበረዶ ተሸፍኖ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። የግድ የበረደ ከሆነ ከዋዜማው ወደ ፍሪጁ ታችኛ ክፍል ወርዶ በዝግታ ይቅለጥ፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ላዩን አብስሎ ውስጡን ጥሬ ይተወዋል። የደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ላይ ያግዛል፣ ሆኖም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ሲወጣ ደጅ የተቀመጠ ሣጥን ይሞቃል። በውርጭ መተማመን አይገባም።

ሙሉ ጥብስ እንዲወደድ አጠባበሱ መስተካከል አለበት። ዓሣው በጨርቅ በደንብ ይደርቅ፤ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ጊዜ እስከ አጥንቱ ይበጣ፤ ጨውና ሎሚ ይነካው። ዘይቱ 175 ዲግሪ ያህል ይሙቅ። መለኪያ ለሌለው፣ ቁራሽ ዳቦ ተጥሎ ወዲያው አረፋ አውጥቶ ከተንሳፈፈና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከቀላ ደርሷል። በአንድ መጥበሻ ሁለት ሦስት ዓሣ ባንድ ጊዜ ከተጨመረ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ዓሣው ዘይት ይጠጣል፣ ቆዳውም ከመጥበሻው ይጣበቃል። የጠቆረ፣ አረፋው የማይጠፋ፣ ቶሎ የሚጨስ ዘይት ይደፋ።

ፊሌቶ ማቅረብ የግድ ከሆነ እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ይገፈፍ፤ ራሱና አጥንቱ ለሾርባ ይውላል። ስንጥቡ ካልወጣ ሾርባውን ያመርረዋል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። ቆላ ላይ በግማሽ ሰዓት የሚደርስ የዓሣ አጥንት ሾርባ እዚህ 45 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ከሰዓት በላይ ማቆየት ግን ጣዕሙን ያጎመዝዛል። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ማቅረብ የጀመረ ቤት ካለ ይተወው። በአገራችን ሐይቆች ቆሮሶና አምባዛ ውስጥ የጥገኛ ትል እጭ መገኘቱ የታወቀ ነው። ሎሚና በርበሬ አይገድሉትም። የሚገድለው በደንብ መብሰል ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ሰባት ቀን መቆየት ነው።

ዓሣ ያልመጣ ቀንስ? መንገድ የሚዘጋበት፣ ሣጥኑ የሚመለስበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን «ዛሬ ዓሣ የለም» ማለት የሚያስከብር መልስ ነው፤ በተለይ የሽምብራ ዓሣ ካለ። ምንጃር ሸንኮራን የመሰለ የሽምብራ አገር ይዞ የጾም ገበታን በሩቅ ሐይቅ ላይ ብቻ ማንጠልጠል አይገባም። ለ500 ግራም የሽምብራ ዱቄት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨው፣ ጥቂት ኮረሪማና ነጭ ሽንኩርት፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እስከ አንድ ብርጭቆ። ሊጡ ጠጠር ብሎ ይታሽ። ከለሰለሰ ዘይት ይጠጣል፣ ወጡ ውስጥም ይፈርሳል። ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ ይዳመጥ፤ ከወፈረ መሐሉ ዱቄት ዱቄት ይላል። በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ እስኪቀላ ይጠበሳል፤ ቀድሞ በተቁላላ የበርበሬ ወጥ ውስጥ ገብቶ 10 ደቂቃ በዝግታ ይንተከተካል። ወጡን ስለሚመጥ ቁሌቱ ከተለመደው ቀጠን ብሎ ይሠራ።

የረጅም ጊዜ ተስፋችን ኩሬ ነው። ግን ቦታውን ሳይለዩ መጀመር ገንዘብ ማጥፋት ነው። ቆሮሶ የሚፋፋው ውኃው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ዕድገቱ ይጎተታል፤ ከ16 ሲወርድ መብላት ያቆማል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን፣ መንዝና አንኮበር ደጋ ላይ የቆሮሶ ኩሬ አይታሰብ። ቀወትና ኤፍራታና ግድም፣ መስኖ ባለበት ቆላ፣ ይሆናል። 100 ካሬ ሜትር፣ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ጥልቀት፣ ለካሬ ሜትር 2 ጫጩት፤ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይቀለባል። ኩሬን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የዓሣው ብዛት ነው። ወንድና ሴት ተደባልቀው ከገቡ ገና ሳያድጉ ይወልዳሉ፤ ኩሬው በጣት በሚያክል ዓሣ ይሞላል፣ ቀለቡ ይሻማል፣ ለገበያ የሚሆን አንድም አይወጣም። መከላከያው ጫጩቶቹ ከ20 እስከ 30 ግራም ሲሞሉ ሴቶቹን አውጥቶ ወንዶቹን ብቻ ኩሬው ውስጥ መተው፣ ወይም ጫጩት የሚበላ ጥቂት አምባዛ መጨመር ነው። ስለ ጫጩት አቅርቦትና ስለ ሥልጠና የሰበታውን የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል ማነጋገር ይቻላል። አምባዛ አየር ስለሚተነፍስ ከሸዋ ሮቢት በበርሜል በሕይወት ሊመጣ ይችላል፤ ብቻ ከሙቁ ውኃ በቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ውኃ አይገልበጥ።

ይህ እኛ የፈጠርነው ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የሞንትሬይ ቤይ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ዝርዝር ዓሣዎችን በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ለይቶ ለተመጋቢው በኪስ ካርድ አደለ፤ በቀይ የተመደበውን፣ ማለትም እንዲቀር የተመከረውን ዓሣ ከዝርዝራቸው ያወጡ ምግብ ቤቶችም አሉ። ከዚያ ቀደም ትልቅ ጥፋት ደርሶ ነበር፤ ለዘመናት የማያልቅ ይመስል የነበረው የካናዳ ኒውፋውንድላንድ ኮድ የተባለው የባሕር ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመዱ እስኪዘጋ ድረስ ተሟጥጦ ነበር። የእኛ ሐይቆች ከዚያ ባሕር ጋር ሲነጻጸሩ የጓሮ ኩሬ ናቸው።

ስለዚህ ባለቤቶችን የምንጠይቀው ይህን ነው። በር ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ይቀየር፤ «የጾም ዓሣ አለ» የነበረው «ቆሮሶ፣ ከወሎ ሐይቅ፣ ማክሰኞ የወጣ፣ ሙሉ ጥብስ 300 ግራም» ይሁን። አንድ ደብተር ይያዝ፤ ቀኑ፣ ዝርያው፣ ውኃው፣ የነጋዴው ስም፣ ኪሎው፣ የተለኩት 10 ዓሣዎች ርዝመት። የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዎች ለንጽሕና ሲገቡ ይህን ደብተር ጨምረው ይዩ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለመቅጣት ሳይሆን ለማስተማር። ባህልና ቱሪዝም መምሪያው ለምግብ ቤቶች እውቅና ሲሰጥ ደብተሩን ከመስፈርቶቹ አንዱ ያድርገው። ተመጋቢው ደግሞ ከማዘዙ በፊት ምን ዓሣ ነው፣ ከየት ነው ብሎ ይጠይቅ፣ ሳይጠበስም ይየው። ዓይኑ ጎላ ብሎ የጠራ፣ ስንጥቡ የቀላ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚሞላ ከሆነ ይዘዝ። አስተናጋጁ መልስ ከሌለው ሽሮ አዝዞ ምክንያቱን በትሕትና ይንገረው፤ ሦስት ሰው በአንድ ቀን ከጠየቀው ባለቤቱ ጆሮ ይደርሳል።

የመለኪያውን ጣውላ ልክና የደብተሩን ቅጽ ለሚፈልግ ቤት ያለ ክፍያ እናዘጋጃለን፤ ወጥ ቤት ድረስ መጥተንም አለካኩንና አገፋፈፉን እናሳያለን። ከዐቢይ ጾም በፊት ባሉት ሳምንታት ቢሆን እንመርጣለን፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ወጥ ቤቱ ጊዜ አይኖረውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
በዓሣ ሀብት፣ በምግብ ንጽሕናና በወጥ ቤት ሙያ የተሰማራን
ደብረ ብርሃን